የትም የማያደርሰው መንገድ

ደብዳቤው የደረሰን በ፲፱፻፷፮ ዓ.ም. ኅዳር ሊያልቅ ሲል ነበር። አንድ ባለሥልጣን ሁለት የውጭ አገር ጎብኚዎችን ይዞ ጥር ሃያ አንድ ቀን ወደ ዝግባ በር እንደሚመጣ ይገልጻል። ጎብኚዎቹ በዕድሜ የገፉ ባልና ሚስት ስለሆኑ በጥንታዊው ጫካ ውስጥና በጅረቱ ዳር ቀላልና አስደሳች የእግር መንገድ እንዲዘጋጅላቸው ያዝዛል።

ዝግባ በር ከመካነ ሰላም ወደ ወግዲ በሚወስደው በኩል የምትገኝ ትንሽ ምክትል ወረዳ ናት። እኔ ውበቱ እባላለሁ። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ በጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ እገለብጥ ነበር። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይሉኛል። ሰው ፊት አፌ ስለሚያያዝ ስለ እኔ ከዚህ ሌላ የሚባል ነገር አልነበረም።

ምክትል ገዥያችን ግራዝማች መለሰ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝና ሰዎቹ ከየት ወዴት ነው የሚሄዱት ብለው ጠየቁኝ። ከጫካው አፍ ተነሥተው፣ ጅረቱን ተከትለው ይወርዳሉ፤ ፏፏቴውን አይተው በሌላ በኩል ዞረው ወደ ተነሡበት ይመለሳሉ አልኋቸው።

"ምን ሊያመጡ?" አሉኝ።

ደብዳቤው ስለሚመጣ ነገር የሚለው የለም አልኋቸው። ግራዝማች ያልገባቸውን ነገር ለበታች ማስተላለፍ ልማዳቸው ስለነበር ጉዳዩን ለአባ ይማም ሰጡት። አባ ይማም መንገድ በጎርፍ ሲቆረጥ ሰው አውጥተው የሚያሠሩ፣ ከዚያ ሁሉ አቀበት አንዱንም ያለ ምክንያት ወጥተው የማያውቁ ሽማግሌ ናቸው። የጠፋባቸው ከብት አለ ወይ አሉኝ። የለም አልሁ። የሚሳለሙት ታቦት ወይም የሚዘይሩት ወሊይ አለ ወይ አሉኝ። ያም የለም አልሁ።

"እንግዲያ አንድ ሰው ከደጁ ተነሥቶ፣ እግሩን አድክሞ፣ እዚያው ደጁ የሚመለሰው ምን ነክቶት ነው? ወላሂ ለነዚህ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው ሐኪም እንጂ መንገድ አይደለም።"

እንዲህ አሉ እንጂ መንገዱን ሲሠሩት ግን አሳምረው ሠሩት። ያንን ግን ኋላ እነግራችኋለሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቆላው ተርቦ ነበር። ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው አገር ዝናብ ከቀረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሰው በሬውን ሸጦ በላ፤ በሬው ሲያልቅ ሞፈሩን ሸጠ፤ ከዚያ ወደ ደጋ መውጣት ጀመረ። በጽሕፈት ቤታችን ጀርባ ባለው መጋዘን ደግሞ ሁለት መቶ ኩንታል የእርዳታ ስንዴ ተቆልፎበት ነበር። የተቆለፈው በክፋት አይደለም። መጋዘኑ የሚከፈተው ረኀብ መኖሩ በደብዳቤ ሲረጋገጥ ነው። ግራዝማች ደግሞ በጥቅምት ወር "በምክትል ወረዳችን ከወትሮው የመኸር መዘግየት በቀር የሚያሳስብ ነገር የለም" ብለው ጽፈዋል። በጥቅምት ያልነበረ ረኀብ በኅዳር ከተገኘ ማን አስገባው የሚል ጥያቄ ይመጣል። ስለዚህ ስንዴው ረኀቡን፣ ረኀቡም ስንዴውን እየጠበቁ ከረሙ። ያንን የጥቅምት ደብዳቤ በንጹሕ ወረቀት የገለበጥሁት እኔ ነኝ። አንዲት ፊደል እንኳ አልተሰረዘችበትም።

በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ የጨው ነጋዴ ከቆላ መልእክት አመጣልኝ። ታላቅ እኅቴ ይታይሽ ሁለት ልጆቿን ይዛ ከበረሃው ወጥታ ከጅረቱ መሻገሪያ ደርሳለች። ባሏ ሥራ ፍለጋ እንደወጣ አልተመለሰም። ከመሻገሪያው ወደ ዝግባ በር የሚያወጣው መንገድ አህያ ገደል ይባላል፤ ጤነኛ ሰው ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ጎረቤቷ አልታዬ አቀበቱን ስትጀምር ጤነኛ ትመስል ነበር አሉ፤ ከሦስተኛው መታጠፊያ አላለፈችም። ይታይሽ ይህን አይታ ልጆቿን ሰብስባ ከመሻገሪያው ሾላ ሥር ተቀመጠች። መልእክቷ አጭር ነበር። ወንድሜ መውጫ ይፈልግልኝ የሚል ነው።

በእሑዱ ያለኝን ዱቄት ይዤ ወረድሁ። ከሾላው ሥር ስድሳ ያህል ሰው ነበር። ይታይሽ ብቻዋን የምትበላ ሰው አይደለችም፤ ዱቄቱ ለስድሳ ሰው ተበጥብጦ በአንድ ቀን አለቀ። እግሮቿ አብጠው ነበር። ትንሹ ልጅ ብዙዬ አንገቱ ራሱን መሸከም አቅቶት በጭኗ ላይ ተኝቷል። ልጆቹን በየተራ ተሸክሜ ላውጣቸው አልኋት።

"አውጥተህ ምን ታበላቸዋለህ?" አለችኝ።

ስለ መጋዘኑ ነገርኋት። ቁልፉ ማን ዘንድ ነው አለች። ግራዝማች ዘንድ ነው አልሁ። እንግዲያው ለእሳቸው ንገራቸው አለችኝ። እነግራቸዋለሁ ብዬ አቀበቱን ሙሉ የምናገረውን እያጠናሁ ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ግራዝማች ፊት ቆሜ፣ አፌን ከፍቼ፣ ለመንገዱ ምልክት የሚሆነው ቀለም ጥቁር ይሁን ቀይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀይ ይሁን አሉኝ።

መንገዱ ታኅሣሥ ሃያ ላይ ተጀመረ። የመጀመሪያው ጭንቅ ቀላል ማለት ምን ያህል ነው የሚለው ነበር። ለአባ ይማም ቀላል የሆነው ለግራዝማች ገደል ነው፤ ግራዝማች ከበቅሎ ከወረዱ ዓመታት ሆኗቸዋል። በመጨረሻ ግራዝማች ዘዴ አገኙ። አማታቸው ወይዘሮ በለጥሻቸው በጽሕፈት ቤቱ ግቢ አብረዋቸው ይኖራሉ። ሰውነታቸው ከባድ፣ ትንፋሻቸው አጭር፣ ንግግራቸው ረጅም ነው። እሳቸው በከዘራ የሚወጡት መንገድ ለማንም ቀላል ነው ተባለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አባ ይማም ሥራውን የሚለኩት በወይዘሮ በለጥሻቸው ሆነ። መንገዱ ሲቆፈር ሴትዮዋ ከኋላ ይመጣሉ። ከቆሙና "አንተ ይማም፣ ልትገድለኝ ነው?" ካሉ ያ ቦታ ፈርሶ፣ ዞሮ፣ እንደገና ይሠራል። ሳይሳደቡ ካለፉ ልክ ነው ማለት ነው። ትንፋሽ አጥሯቸው በተቀመጡበት ሁሉ ደግሞ ግንድ ተጠርቦ መቀመጫ ይደረጋል። ከፏፏቴው እስከ ጫካው አፍ ሰባት ጊዜ ተቀመጡ። እኔም በሰባት ሳንቃ ላይ ማረፊያ አንድ፣ ማረፊያ ሁለት እያልሁ ጽፌ ተከልሁ። የሚያንሸራትተው ድንጋይ ተነሣ፤ ጅረቱ በሚሻገርባቸው ሁለት ቦታዎች የጥድ ግንድ ከነመደገፊያው ተጋደመ። ትልልቆቹ ዝግባዎች ከላይ እንደ ጣራ ስለገጠሙ ፀሐይ አይገባም፤ ከጎን ውሃው እየፈሰሰ ይሰማል። በዚያ የድርቅ ዘመን በምክትል ወረዳችን የማይደርቅ ውሃ ያለበት፣ ጥላ የማይጠፋበትና ደካማ ሰው ሳይወድቅ ሊሄድበት የሚችል መንገድ ይህ ብቻ ሆነ። የሚሄድበት ግን አልነበረም። ከእንግዶቹ በፊት እግሩን ያሳረፈበት ይታሰራል ተብሎ ተለፍፏል።

ጎብኚ ማንበብ ይወዳል ስለተባለ ሌላም ጽሑፍ ታዘዝሁ። አበባ መቅጠፍ ክልክል ነው ብዬ ጻፍሁ፤ በዚያ ወር አበባ አልነበረም። የትልቁ ዝግባ ዕድሜ ይጻፍበት ተባለ። መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ተጠርተው፣ ጫካው የደብሩ ስለሆነ፣ ዕድሜውን ተጠየቁ። "እኔ ስመጣ ነበር" አሉ። ግራዝማች ትንሽ አሰቡና ስድስት መቶ ዓመት በል አሉኝ። ከእሱ አጠገብ ያለው ቀጠን ያለ ስለሆነ እንዳይከፋው ይመስል ለእሱም አምስት መቶ ሰጡት።

እንግዶቹ ሊመጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው የአህያ ገደል በእሾህ እንዲታጠር ታዘዘ። ምክንያቱን የጻፍሁት እኔ ስለሆንሁ አስታውሰዋለሁ። የቆላ ሰዎች በብዛት ወደ ላይ መውጣታቸው ለመልክዓ ምድሩ ውበት እንቅፋት ይሆናል የሚል ነበር። የምክትል ወረዳው ታጣቂዎች የሆኑት ነጭ ለባሾች የግራር እሾህ ቆልለው በሁለት በኩል ዘጉት። መሻገሪያው ላይ ያሉት ስድሳዎቹ ስድሳ አምስት ሆነው ነበር። በየት ይውጡ የሚል በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ አልነበረም፤ ከእኔ በቀር። እኔም አልተናገርሁም።

ጥር አሥራ ዘጠኝ ቀን ግራዝማች ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ዶሮው፣ ስለ ጠጁ ካዘዙ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። መንገዱ ባዶ አፈር ሆኖ ለእንግዳ ይነውራል፤ ከጅረቱ ዳር ቄጠማ ይታጨድና ጫካው አፍ ላይ ከሚተከለው ድንኳን እስከ ፏፏቴው ይጎዝጎዝ አሉ። ምልክቶቹ የት እንዳሉ የማውቀው እኔ ስለሆንሁ ሥራውን እንድመራ አዘዙኝ።

ስለ ቄጠማ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ አገር ደጅ ላይ ቄጠማ ከተጎዘጎዘ ድግስ አለ ማለት ነው። ዝክር ከሆነ ክርስቲያኑ፣ ሰደቃ ከሆነ እስላሙ፣ ደግሞም ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይገባሉ። ማን ጠራህ አይባልም። ጠሪው ቄጠማው ነው። መንገደኛ ገብቶ ቢቀመጥና ባለቤቱ ቢያስነሣው ያ ቤት ሰባት ዓመት ይወራበታል። ግራዝማች ይህን አያውቁም ማለት አይደለም፤ እሳቸው ቄጠማ ሲያዩ የሚያስቡት የእንግዶቹን እግር ብቻ ስለነበር ነው። ጥር ሃያ አንድ ደግሞ አስተርእዮ ማርያም ናት። ማክሰኞ ላይ ስለዋለች ጾምም የለባትም። ባለሥልጣኑ ቀኑን የመረጠው ይህን ሳያውቅ ነው።

ከፏፏቴው እስከ መሻገሪያው ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ይሆናል፤ በመካከሉ ለጥ ያለ የከብት መሄጃ አለ። ጥር ሃያ አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ከአባ ይማም ሰዎች ጋር ቄጠማውን እየጎዘጎዝን ወረድን። ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ሰዎቹ ቆሙ። በእጄ ገና ሁለት ሸክም ቄጠማ ቀርቶ ነበር። አባ ይማም እዚህ ነው አይደል የሚያበቃው አሉኝ። መልስ ለመስጠት አፌ እንደ ልማዱ ተያዘ።  ሸክሙን አንሥቼ በከብት መሄጃው ላይ መበተን ጀመርሁ።

አባ ይማም ጥቂት ካዩኝ በኋላ ሁለተኛውን ሸክም አነሡ።

"እኔ ማንበብ አልችልም" አሉ። "ትእዛዙ የት ድረስ እንደሚል አንተ ነህ የምታውቀው።"

ሾላው ሥር ስንደርስ የነቃው ጥቂት ሰው ነበር። ይታይሽ ነቅታለች። ከእግሯ ሥር የመጨረሻውን እፍኝ ቄጠማ ስጥል አየችኝ፤ ከዚያ ወደ ላይ እየወጣ ጫካው ውስጥ የሚገባውን አረንጓዴ መስመር አየች።

"የማን ዝክር ነው?" አለችኝ።

"የግራዝማች መለሰ" አልሁ። በሕይወቴ ሳልንተባተብ የዋሸሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዶቹ በሦስት ሰዓት ደረሱ። ሽማግሌው ረጅም፣ ሴትየዋ አጭር ናቸው፤ ሁለቱም ከዘራ ይዘዋል፤ ፊታቸው ደስ ይላል። ይዟቸው የመጣው ባለሥልጣን አቶ ንጉሡ ይባላል፤ ቋንቋቸውን ያስተረጉማል፤ ጫማው አዲስ ነው። ግራዝማች ካባቸውን ደርበው አማታቸውንና ነጭ ለባሾቹን አስከትለው ተቀበሏቸው። ሴትየዋ የመጀመሪያውን ምልክት ጽሑፍ አይታ አመሰገነች። አቶ ንጉሡ ሲያስተረጉም ያመሰገነችው ግራዝማችን ሆነ።

መውረድ ጀመሩ። ማረፊያ ሰባት ጋ አረፉ፤ ማረፊያ ስድስት ጋ የስድስት መቶ ዓመቱን ዝግባ ዳሰሱ፤ ማረፊያ አምስት ጋ ውሃ ጠጡ። ግራዝማች በበቅሎ ሳይሆኑ በእግራቸው ስለሄዱ ላብ አጥምቋቸው ነበር። ማረፊያ አራት ላይ መታጠፊያውን ሲዞሩ መቀመጫው ተይዞ አገኙት።

አራት ሽማግሌዎች ተቀምጠውበታል። ከእነሱ በታች ደግሞ ማረፊያ ሦስት ላይ ሌሎች፣ ማረፊያ ሁለት ላይ ሌሎች፣ በመካከሉም በቄጠማው ላይ እየተደጋገፉ የሚወጡ ነበሩ። ተራ ነበራቸው፤ አንዱ ወገን ሲያርፍ ሌላው ይሄዳል። ፊታቸውን በጅረቱ ታጥበዋል። ነጠላ ያለው ነጠላውን ለዝክር እንደሚለብሰው አጣፍቶ ለብሷል፤ የሌለው ያለውን ጨርቅ አስተካክሏል። ልጆቹ ድምፅ እንዳያሰሙ ተመክረዋል። ማንም እጁን ዘርግቶ አልለመነም። ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫው ተነሥተው ግራዝማችን እጅ ነሡና ያክብርልን፣ ዓመት ዓመት ያድርስልን አሏቸው።

ግራዝማች ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው ጠየቁኝ። እኔ ማረፊያ አራት የሚለውን ምልክት ተመለከትሁ።

ሴትየዋ ለአቶ ንጉሡ አንድ ነገር ተናገረች። አቶ ንጉሡ ጫማውን እያየ ለግራዝማች አስተላለፈ።

"እነዚህ ሰዎች እንዴት እንዲህ ከሱ ትላለች።"

"ለበዓሉ ጾመው ነው" አሉ ግራዝማች።

ምን ያህል ጊዜ ጾሙ ብላ ጠየቀች። ግራዝማች እንደየእምነታቸው ነው ብለው መለሱ። አባ ይማም ከኋላዬ ሆነው እስላሞቹም አስተርእዮን መጾም ከጀመሩ ጥሩ ነው ሲሉ ሰማሁ።

መንገዱ ከታች በሚወጣው ሰው ስለተሞላ እንግዶቹም፣ ግራዝማችም፣ የተራቡትም አንድ ላይ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ይታይሽን ማረፊያ ሦስት ላይ አገኘኋት። ትልቋ ልጅ ልብሷን ይዛ ቆማለች፤ ብዙዬ በጀርባዋ ነው። ብዙዬን ተቀበልኋት። ክብደት አልነበረውም። እሷ መቀመጫውን በእጇ ዳሰስ አደረገችና ስንት ይቀራል አለችኝ። አራት ማረፊያ አልኋት። አራት ከሆነስ እችላለሁ አለች።

ድንኳኑ ጋ ስንደርስ መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ከቅዳሴ ወጥተው፣ እሳቸውም ቄጠማውን አይተው፣ ደቀ መዛሙርታቸውን አስከትለው ቀድመውን ተቀምጠዋል። የቆላው ሰው ከእሳቸው ቀጥሎ በተርታ በቄጠማው ላይ ተቀመጠ፤ ሽማግሌ ከፊት፣ ሴቶች ከኋላ፣ ልጆች በመካከል። እንዲህ ያለ ጸጥ ያለ ሕዝብ አይቼ አላውቅም። ከድንኳኑ ውስጥ የዶሮው ሽታ ይመጣል፤ አንድም አንገት ወደዚያ አልዞረም።

ግራዝማች ለነጭ ለባሾቹ አለቃ በጆሮው አንድ ነገር ነገሩት። አለቃው ሁለት እርምጃ ተራምዶ ቄጠማውን አየ፤ የተቀመጡትን አየ፤ ተመልሶ መጣ። "ጌታዬ፣ ከዝክር ሰው አስነሥቼ ልጄን ለማን እድራለሁ?" አላቸው።

በዚህ መካከል መሪጌታ ተነሥተው ማዕዱን ባረኩ። ገና ምንም ያልቀረበበትን ማዕድ ነው የባረኩት። ዘካሪውን ግራዝማች መለሰን እመቤታችን ስለታቸውን ትቀበላቸው፣ ጎተራቸውን ትሙላላቸው አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። አባ ይማም ደግሞ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፤ ለእሱም አሜን ተባለ። ግራዝማች በክርስቲያኑ ሁሉና በእስላሙ ሁሉ ተመርቀው አያውቁም ነበር። ሳያስቡት ካባቸውን ወደ ትከሻቸው ከፍ አደረጉ።

አቶ ንጉሡ መጣና ጎብኚዎቹ በዓሉ በየዓመቱ ነው ወይ ብለው ጠየቁ አለ። ግራዝማች በየዓመቱ ነው አሉ። ስንት ቀን ይቆያል አለ። እዚህ ላይ ግራዝማች አንድ ቀን ብለው ቢሆን ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር። አንድ ቀን ማለት ግን ካባ ለደረበ ሰው አነሰባቸው።

"ሰባት ቀን" አሉ።

አቶ ንጉሡ አስተረጎመ። ባልና ሚስቱ ተያዩና ደስ አላቸው። ድንኳን ይዘን ስለመጣን ሰባቱንም ቀን እዚሁ ሆነን እናያለን አሉ።

የግራዝማች ፊት ምን እንደመሰለ ለመጻፍ ቃል የለኝም። የተዘጋጀው ዶሮ አሥራ ሁለት ነው። ሰባት ቀን ለዚህ ሁሉ ሰው ከየት ይምጣ? በምክትል ወረዳው ውስጥ ያን ያህል እህል ያለበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር። ግራዝማች ወደ ጽሕፈት ቤቱ ጠሩኝና ጻፍ አሉ። ረኀብ የሚለውን ቃል ሳያነሡ አንድ ሰዓት ያህል ደከሙ። በመጨረሻ የጻፍነው እንዲህ ይላል፤ "ለዓመታዊው የአስተርእዮ በዓልና ለውጭ አገር እንግዶች ክብር ሲባል በመጋዘን የሚገኘው ስንዴ ለመስተንግዶ ይውል ዘንድ ፈቅጃለሁ።" ለተራበ የማይከፈተው መጋዘን ለድግስ ሲሆን ተከፈተ።  ከጻፍሁት ሁሉ የተበላሸው ወረቀት እሱ ነው፤ መስተንግዶ ከሚለው ላይ ቀለም ፈስሶበታል።

ያን ቀን ነገሩን የያዙት ወይዘሮ በለጥሻቸው ናቸው። ግራዝማች እንጀራውና ወጡ ይውጣ ሲሉ "አንተ መለሰ፣ በባዶ አንጀት ላይ ወጥ አፍስሰህ ልትጨርሳቸው ነው?" ብለው አስቆሙ። መጀመሪያ ቀጭን አጥሚት፣ ጥቂት ጥቂት፤ በማግስቱ ወፈር ያለ፤ በሦስተኛው ቀን ንፍሮ አሉ። ዶሮውን የበሉት እንግዶቹና አቶ ንጉሡ ናቸው። ሴትየዋ ግን ከመጀመሪያው ጉርሻ በኋላ ሳህኗን አስቀምጣ፣ ወይዘሮ በለጥሻቸው አጠገብ ቁጭ ብላ፣ ልጆችን በማንኪያ ማጠጣት ጀመረች። ሁለቱ ሴቶች አንድ ቃል ሳይግባቡ ሰባት ቀን ሲጨቃጨቁ ሰነበቱ። ብዙዬ በአራተኛው ቀን አንገቱን አቀና። በአምስተኛው ቀን የሴትየዋን ከዘራ ሰረቀ።

የቄጠማው ወሬ በየሸንተረሩ ስለደረሰ በሰባተኛው ቀን ሰዉ አራት መቶ አልፎ ነበር። ሁሉም የወጣው በሰባቱ ማረፊያዎች ነው። እንግዶቹ መሰናዳት ሲጀምሩ ግራዝማች ተነፈሱና መጋዘኑ ይዘጋ አሉ። ገና ብዙ ስንዴ ቀርቷል። መሪጌታ ከእንግዶቹ አጠገብ ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ።

"ግራዝማች፣ የተባረከ ማዕድ ትራፊ ወደ ጎተራ አይመለስም። ዘካሪው ለእንግዳው ስንቅ ይቋጥርለታል እንጂ።"

አቶ ንጉሡ ይህን አስተረጎመው። ለምን ሙሉውን በትክክል እንዳስተረጎመው አላውቅም፤ ምናልባት ሰባት ቀን በድንኳን ማደር አድክሞት ይሆናል። ሽማግሌው የግራዝማችን እጅ ጨብጠው አመሰገኑ። ግራዝማች ትራፊው ይታደል አሉ። ትራፊው ከመቶ ኩንታል በላይ ነበር።

በየካቲት ሬዲዮው ከዚያ በፊት ሰምተን የማናውቃቸውን ነገሮች ማውራት ጀመረ። ይታይሽ በግንቦት መጨረሻ ደመና ሲታያት ከስንዴው ያስቀረችውን ዘር ቋጥራ በዚያው መንገድ ወረደች። በክረምቱ ሹሞች ተሻሩ፤ በመስከረም ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ ወደ እኛም አንድ አጣሪ ኮሚቴ መጣ። ሰብሳቢው ወጣት ነው፤ ከቦት ጫማው ጋር ይተኛል ይሉታል።

ግራዝማች ተጠርተው ሲቀርቡ ለሕዝብ ያደረግሁት ይኸውላችሁ ብለው የመስተንግዶውን ደብዳቤ ራሳቸው አወጡ። ሰብሳቢው አነበበውና ፊቱ ጠቆረ። ሕዝብ በረኀብ በሚያልቅበት ዓመት የእርዳታ እህል አውጥቶ የሰባት ቀን ድግስ መደገስ ተብሎ ተጻፈባቸው። የጥቅምቱም ደብዳቤ ከፋይሉ ወጥቶ ነበር። ሰብሳቢው ገለጥ አደረገና ይህ ጽሑፍ ያምራል ብሎ ከጎኑ ለተቀመጠው አሳየው፤ ከዚያ አለፈው።

ተነሣሁ። 

"ሁለቱንም የጻፍሁት እኔ ነኝ" አልሁ። "ቄጠማውን እስከ መሻገሪያው ያደረስሁትም እኔ ነኝ። በድግሱ የበሉት የተራቡት ናቸው። የሚያስጠይቀው የበፊቱ ደብዳቤ ነው።"

ሰብሳቢው በርኅራኄ አየኝ። አንተ ጭቁን ሠራተኛ ነህ፤ የታዘዝኸውን ፈጽመሃል፤ አይዞህ ተቀመጥ አለኝ። ስብሰባው ሲያልቅ አንድ ሳንቃ ሰጠኝ። በእጅ ጽሑፍህ "ኢትዮጵያ ትቅደም" ብለህ የስድስት መቶ ዓመቱ ዛፍ ላይ ስቀል አለኝ። በምን ቀለም ብዬ ጠየቅሁት። ቀይ አለኝ።

ይታይሽ በጥቅምት መጣች። ከመሻገሪያው እስከ ጫካው አፍ ሰባቱም ማረፊያዎች ላይ ተቀምጣ ነው የወጣችው። ደክሟት አልነበረም፤ ደስ ይለኛል አለች። ብዙዬ ከፊቷ ይሮጣል። ለእኔ የማሽላ እሸትና አንድ ቋጠሮ ቆሎ ይዛልኝ ነበር። ተቀምጠን ስንጨዋወት ግራዝማች የት አሉ ብላ ጠየቀችኝ፤ አንድ እሸት ልስጣቸው ብላ ነው። መካነ ሰላም ታስረዋል አልኋት።

"ምን አድርገው?"

"እናንተን አብልተው።"

የምቀልድ መስሏት ሳቀች። ፊቴን አይታ ሳቋን ተወች። ስንቅ የሚያደርስላቸው ሰው አላቸው ወይ አለችኝ። ወይዘሮ በለጥሻቸው ብቻ ናቸው ያሏቸው፤ እሳቸውም ያለ ማረፊያ መሄድ አይችሉም፤ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ደግሞ ማረፊያ የለም አልኋት።

ይታይሽ ከፊቴ ያስቀመጠችውን ቆሎ መልሳ ቋጠረችው። እሸቱንም ጨመረችበት።

"ያንተ ሌላ ጊዜ ይደርሳል" አለችኝ። "ተነሣ፣ መንገዱን አሳየኝ።"